ከደሴ ወርዶ ሐይቅ ዳር መዋል፣ ማደርና መኖር፦ ደረጃ በደረጃ

"እሁድ ሐይቅ ልንወርድ ነው፤ ምን እንያዝ?" ይህን ጥያቄ በወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደምሰማው አልቆጠርኩም። ጠያቂዎቹ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ወዳጆቼ ናቸው። አንዳንዴም ለሠርግ ወይም ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይጠይቁኛል። ሄደው ሲመለሱ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ "እዚያ ቤት ተከራይቶ መኖርስ እንዴት ነው?" ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ከሐይቁ አጠገብ ባለችው ሐይቅ ከተማ ደግሞ ሁለት ዓመት ተከራይቼ ኖሬያለሁ። መልሱን ለሁሉም አንድ ላይ ልጻፈው።

ከመነሳታችሁ በፊት ይህን እወቁ

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐይቅ ከተማ ከዚያ 500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ ሐይቅ ስትደርሱ ሦስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ተጨምሮ ይቆያችኋል። ለኮምቦልቻ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሐይቅ ቀዝቀዝ ትላለች፤ በተለይ ማታ።

ፀሐዩን አትናቁ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደሴ ላይ ይህ ጨረር አለ፤ ግን በጃኬት ተሸፍነን ስለምንውል አይታወቀንም። ሐይቅ ዳር ስንደርስ ጃኬቱን እናወልቃለን፣ ከውሃው የሚመጣው ንፋስ ደግሞ ቀዝቀዝ ስለሚያደርገን ሙቀቱ አይሰማንም። ቆዳው ግን እየተቃጠለ ነው።

ሐይቁ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ወደ ውስጡ የሚገባ ወንዝ አለ፤ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ጥልቀቱንና መውጫ ማጣቱን፣ ያዙልኝ። ከታች የምላችሁ ብዙ ነገር የሚመጣው ከእነሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለቀን ውሎ፦
- ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ። የፊት ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም።
- ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት (ሰንስክሪን)።
- እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝ፣ ወይም ነጠላ።
- ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር የሚጠጣ ውሃ።
- ጃኬት። ጠዋት ስትነሱና ማታ ስትመለሱ ደሴ ያው ደሴ ናት።
- ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና አሥር ሜትር ገመድ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ።
- ልጆች ካሉ ልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት፣ ማግኘት ከቻላችሁ።
- ጥሬ ብር። ቴሌብር ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ጀልባው ላይ ተቀምጣችሁ ትቀራላችሁ።
- መታወቂያ።
- ሁለት ጠንካራ ፌስታል፤ አንዱ ለቆሻሻ፣ አንዱ ለስልክና ለልብስ።
- ዓሣ ይዛችሁ የምትመለሱ ከሆነ፣ ከዋዜማው በረዶ የሆነ ሁለት ሃይላንድ ውሃና አንድ ካርቶን።

ለሚያድር ተጨማሪ፦ አጎበር፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎርፍ አፈር ይዞ ስለሚገባ የዳሩ ውሃ ይደፈርሳል፣ ዳሩም ጭቃ ይሆናል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ የበልግ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊያገኛችሁ ይችላል።

የጾም ወራትንም አስቡ። በሁዳዴ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። ዋጋው ይጨምራል፣ ቶሎም ያልቃል። በረመዳን ብዙ ምግብ ቤት ቀን ይዘጋል፤ ስለዚህ ወይ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ወይ ምሳችሁን ቋጥሩ። ዓርብ በጁምዓ ሰዓትም ሱቁም ባጃጁም ለጊዜው ስለሚቆም መድረሻችሁን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት።

ከቻላችሁ እሁድን ተዉት። በሥራ ቀን ጀልባውም ጥላውም የእናንተ ነው።

ደረጃ 2፦ በጠዋት ውጡ

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና አስፋልት ነው። ከኮምቦልቻ የምትነሱ ከሆነ መጀመሪያ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ መግባት አለባችሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመራል። በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳም የሚያርፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ መንገዱ ይኸው ነው።

ከደሴ መናኸሪያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ሁኑ። መኪናው ሳይሞላ አይነሳም፤ የመሙያውን ጊዜ ጨምራችሁ አስቡ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቅ ከደረሳችሁ ቀኑ የእናንተ ነው። ምክንያቱ ንፋሱ ነው። ረፋዱ ላይ መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ንፋስ ይሳባል። ከሰዓት በኋላ ውሃው የሚናወጠው ለዚህ ነው። ጠዋት ግን እንደ መስታወት ይተኛል።

ከመሳፈራችሁ በፊት ረዳቱን ወይም ሾፌሩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ? የመጨረሻው መመለሻ መኪና ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል? የባጃጅና የመኪና ሰዓት ገደብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ያለፈው ወር መልስ ለዛሬ አይሠራም።

ብዙ ሆናችሁ ኮንትራት ከያዛችሁ፣ ዋጋውን መሄጃ፣ ቆይታና መመለሻ ብላችሁ አንድ ላይ ተነጋገሩ። "መሄጃውን እንጨርስና የመመለሻውን እዚያ እንነጋገራለን" ከተባለ እዚያ ላይ መደራደሪያ የላችሁም። ጠዋት ጉም ካለ ሾፌሩን አታጣድፉት።

ደረጃ 3፦ እንደደረሳችሁ ዓሣውን እዘዙ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ይዝናናል፣ ሲርበው ያዛል። ተገላቢጦሹን አድርጉ። አስጋሪዎቹ መረባቸውን የሚያወጡት በጠዋት ነው። ጠዋት ካዘዛችሁ ዓሣውን ራሳችሁ መርጣችሁ "ይቺን ለ6 ሰዓት" ማለት ትችላላችሁ። 7 ሰዓት ላይ ካዘዛችሁ የተረፈውን ትበላላችሁ።

አመራረጡ እንዲህ ነው። ዓሣውን በእጃችሁ ያዙት። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን፤ የደበዘዘና የጎደጎደ ከሆነ ቆይቷል። የስንጥቡን ክዳን በአውራ ጣት ገልጡት፤ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ዛሬ የወጣ ነው፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ መልሱት። ጎኑን ጫን አድርጉት፤ ጣታችሁ ሲነሳ ሥጋው ተመልሶ ካበጠ ጥሩ ነው፣ ጎድጉዶ ከቀረ አይደለም። ሽታው የውሃ ሽታ መሆን አለበት። እነዚህን አራቱንም ለማየት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሻጩም አይከፋበትም።

ቆሮሶ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፣ ለጥብስ ይሆናል። አምባዛ ቅባት ስላለው ለጉላሽና ለወጥ ይሻላል። ለልጆች ፊሌቶ አስወጡ፤ የቆሮሶ አጥንት ቀጭን ነው፣ ጉሮሮ ይይዛል።

ደረጃ 4፦ ጀልባ

ዓሣው ከታዘዘ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጀልባ ውጡ።

ሀ) ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ለስንት ደቂቃ፣ የት ደርሶ መመለስ?

ለ) ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ ልበሱትም። መቀመጫ ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ ጃኬት ጀልባው ሲገለበጥ አይደረስበትም። ማሰሪያው ሁሉ መግጠሙን እዩ፤ ትከሻውን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ አገጭን አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል።

ሐ) ስንት ሰው እንደሚጭን ጠይቁ፤ ከዚያ በላይ ከተጫነ ውረዱ።

መ) ፎቶ ለማንሳት አትቁሙ። ትንሽ ጀልባ የሚገለበጠው ብዙውን ጊዜ ሰው ሲቆም ወይም ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ነው።

"አብሽሩ፣ ምንም አይሆንም" ትባላላችሁ። የወሎ ሰው ነውና ከልቡ ነው የሚላችሁ። አመስግኑና ጃኬቱን አስመጡ።

ደረጃ 5፦ ወደ ገዳሙ የምትሄዱ ከሆነ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ይህን ሳያውቁ የሚሄዱ ቤተሰቦች በር ላይ ይለያያሉ፤ እናትና ሴት ልጅ ፀሐይ ላይ ሲጠብቁ ይውላሉ። ሴቶች የት እንደሚቆዩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ወንዶች ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ነጠላ ያዙ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ።

ደረጃ 6፦ ውሃ ውስጥ መግባት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የመጀመሪያው አደጋ ጥልቀቱ ነው። ዳሩ ዘንበል ያለ ሜዳ ሊመስል ይችላል። ጥቂት እርምጃ ስትገቡ ግን መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ሊጠፋ ይችላል። የእህቴ ልጅ 13 ዓመቱ ሳለ ደረቱ ድረስ ገብቶ እየሳቀ ወደኔ ዞረ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል ጭንቅላቱ ጠፋ። ከጎኑ የነበረ ወጣት በሸሚዙ ያዘው። ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም፤ አንድም ድምፅ አልሰማሁም። ሰው ሲሰምጥ አይጮኽም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጆች ውሃ አጠገብ ካሉ አንድ አዋቂ ሥራው እነሱን ማየት ብቻ ይሁን፤ ስልክ አይንካ፣ ጨዋታ አይያዝ። በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ።

ዋና የማትችሉ ከሆነ ከጉልበት በላይ አትግቡ። የምትችሉም ብትሆኑ ብቻችሁን፣ ወይም ጠጥታችሁ፣ ወይም የአካባቢው ሰው የማይዋኝበት ቦታ አትግቡ። ከላይ ያለው ውሃ በፀሐይ ሞቆ ዝቅ ብሎ ያለው ቀዝቃዛ ነው፤ ድንገት ሲነካ ትንፋሽ ያቋርጣል፣ እግርም ሊኮማተር ይችላል።

ሰው ሲሰምጥ ካያችሁ ዘላችሁ አትግቡ። የሰመጠ ሰው የያዘውን ይዞ ይወርዳል። ጀሪካኑ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ገመዱን ጀሪካኑ እጀታ ላይ እሰሩ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ከሰውየው አልፎ እንዲወድቅ ወርውሩና ወደሱ ሳቡት። ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የአንድን ሰው ጭንቅላት ከውሃ በላይ ለማቆየት ይበቃል። ቀሎ ሩቅ አልወረወር ካላችሁ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፤ ንፋስ አይወስደውም። ከቤት ሳትወጡ አንድ ሁለቴ ግቢ ውስጥ ተለማመዱት።

ሁለተኛው አደጋ ቢልሃርዚያ ነው። ተውሳኩ የሚራባው ሣርና ቅጠል በበዛበት፣ ውሃው በማይንቀሳቀስበት ዳር በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ቁስል አያስፈልገውም። ብዙ የሚለቀቀውም ፀሐይ በጠነከረበት በቀትር ሰዓት ነው፤ ሰው ውሃ በሚያምረው ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ሣር ያለበት ዳር እግራችሁን ነክራችሁ አትቀመጡ። ስትወጡ በፎጣ መታሸት ብቻውን አያድንም። ገብታችሁ ከነበረ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ "ሐይቅ ውስጥ ገብቼ ነበር" ብላችሁ ተመርመሩ። ቶሎ ብትመረመሩ ገና ስለማይታይ ነው ሳምንቱን የነገርኳችሁ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ።

ውሃውን አትጠጡ። በሳሙና አትታጠቡበት፣ ልብስም መኪናም አትጠቡበት። መውጫ እንደሌለው ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ የገባው አረፋ እዚያው ይቀራል። ፌስታሉም እንዲሁ።

ደረጃ 7፦ ምሳ

ዓሣው በታዘዘው ሰዓት ሲመጣ ጎኑ በቢላ ተሰነጣጥቆ፣ ዳርዳሩ ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ስንጥቁ ዘይቱ እስከ አጥንቱ እንዲደርስ ነው። ከጀርባው አካባቢ፣ ወፍራም ከሆነው ቦታ፣ አንዱን ስንጥቅ ገልጣችሁ እዩ። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ከለቀቀ በስሏል። እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ከሆነ ወይም አጥንቱን ሙጭጭ ካለ መልሱት፣ ይጨመርበት። ያልበሰለ ዓሣ ትል ሊያስይዝ ይችላል፤ ሎሚና ሚጥሚጣ ትሉን አይገድሉትም።

ከጓደኞቻችሁ ጋር ሙስሊምም ክርስቲያንም ሆናችሁ ከሄዳችሁ ዓሣ ከአንድ ትሪ ያበላችኋል። የማን ሥጋ፣ ማን ባረከው የሚባል ነገር የለበትም። እኔ ሐይቅን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አዋዜው ወይም ዳጣው ለብቻ ይምጣላችሁ፤ ልጆች ካሉ በተለይ። እንጀራም ዳቦም ይሄዳል። በእጅ ብሉት፤ አጥንቱን የሚያገኘው ጣት ነው።

ደረጃ 8፦ ከ6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ሁኑ

ፀሐይ የሚያቃጥለው በዚህ ሰዓት ነው። ከውሃው የሚንጸባረቀውም ስለሚጨመር ባርኔጣ ብቻውን አይበቃም። የፀሐይ ቅባቱን ከመውጣታችሁ ሩብ ሰዓት በፊት ተቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት፣ ከውሃ ስትወጡም እንደገና። ጆሮ፣ ማጅራትና የእግር ጀርባ ይረሳሉ።

ቫዝሊንና ግሊሰሪን ፀሐይ አይከላከሉም። "ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም" የሚለውም ልክ አይደለም፤ ይዘገያል እንጂ ይቃጠላል፤ የሕፃናት ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከጀመረ ሰውየውን ጥላ ሥር አስተኙት፣ ልብሱን አላሉለት፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቱና ብብቱ ላይ አድርጉለት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ምንም አታጠጡት፤ በቀጥታ ሕክምና ውሰዱት።

ደረጃ 9፦ ከ10 ሰዓት በፊት መንገድ ያዙ

ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ወሎ ገጠር ወደ ደሴ የሚመለሰው ሰው ይበዛል፤ መኪኖቹ ሐይቅ ሲደርሱ ሞልተው ነው። እኔ አንድ እሁድ 12 ሰዓት ድረስ ቆሜ፣ በመጨረሻ ትርፍ ሆኜ ተጨናንቄ ነው ደሴ የገባሁት። ከሕፃን ጋር ያለ ሰው ይህን ሊያደርግ አይችልም። 10 ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ሁኑ። የሁሉንም ቆሻሻ በፌስታሉ ይዛችሁ ተመለሱ። ደሴ ስትቃረቡ ጃኬታችሁን አውጡ።

ዓሣ ይዞ መመለስ

ሆድ ዕቃው እዚያው ይውጣ፣ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በፌስታል ጠቅልሉት፣ በረዶ በሆኑት ሁለት ሃይላንዶች መካከል ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ካርቶኑን የመኪናው ሞተር አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ሥር አታድርጉ። ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ዓሣ አያስተማምንም። የኮምቦልቻ ሰው መንገዱ ስለሚረዝምና ቤቱም ሞቃት ስለሆነ በረዶውን አራት ያድርገው። ቤት ስትገቡ ወይ ወዲያው ጥበሱት፣ ወይ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- 5 ሰዓት ላይ መድረስ። ንፋሱም ፀሐዩም ሰልፉም አንድ ላይ ይቀበላችኋል።
- ለልጅ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ወይም የሚነፋ አሻንጉሊት ሰጥቶ መተማመን። ንፋስ ከዳር ይገፋዋል፤ ልጁም ይንሸራተታል።
- ስልክ ኪስ ውስጥ አድርጎ ጀልባ መሳፈር።
- ነጠላ ጫማ አውልቆ ዳሩ ላይ መራመድ። የተሰበረ ጠርሙስና የዓሣ አጥንት አለ።
- ውሃ ሳይጠጡ ቢራና ለስላሳ ላይ ብቻ መዋል።

ማደር ከፈለጋችሁ

ክፍሉን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ግቡና እዩ። ቧንቧውን ክፈቱ፤ ውሃው ካልመጣ በበርሜል የተቀዳ መኖሩን ጠይቁ። የመስኮቱን ወንፊት እዩ፤ ተቀዶ ከሆነ አጎበራችሁን ዘርጉ፣ ጠርዙን ፍራሹ ሥር አስገቡ። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ይብሱኑ ተጠንቀቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀን ስለሞቀ ማታም ይሞቃል ብላችሁ ጋቢውን ቤት አትተዉት።

መኖር ከፈለጋችሁ

ይህ ትንሽ ከተማ ነው፤ ሰው ለሰው ይተዋወቃል። ደላላ ቢኖርም፣ አንድ ሻይ ቤት ለሦስት ቀን ብትቀመጡ ባዶ ቤት ያለው ሰው ራሱ ያገኛችኋል።

1. ቤቱን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከመሸ በኋላ። በቀን ጸጥ ያለው ሰፈር ማታ ሌላ ሊሆን ይችላል። ትንኙንም የምታዩት ማታ ነው። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሂዱ፤ ግድግዳው ከሥር ረጥቦ ከሆነ ጠጥቷል ማለት ነው።

2. ከውሃው ራቅና ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ። ውሃው አፍንጫ ሥር ያለ ቤት በፎቶ ያምራል። ግን እርጥበት አለው፣ ልብስ ሳጥን ውስጥ ይሻግታል፣ ትንኝ ይበዛል። አሥር ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ርቀት በቂ ነው።

3. ውሃና መብራት ላይ ጥያቄ አብዙ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በምን ይካፈላል? ይህን መልስ ውሉ ላይ አጽፉት። እኔ በቃል ተስማምቼ ስምንት ወር የሌላ ሰው ምጣድ ሒሳብ ከፍያለሁ።

4. ውሉን በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት አድርጉ። ቀብድ ስትሰጡ ወረቀት ተቀበሉ። ኪራዩ መቼ እንደሚጨመርና ለመልቀቅ ስንት ቀን ቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግ ይጻፍ።

5. ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ ደብዳቤ አውጡ። ካለዚያ አዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ያመላልሳችኋል። ፋይዳ ካላችሁ ኮፒውን ያዙ።

6. ሥራችሁ ደሴ ከሆነ መንገዱን አንድ ሳምንት ሙሉ ሞክሩት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቅርብ ነው፤ መኪና መጠበቁ፣ ጉሙና መንገድ የሚዘጋበት ቀን ሲደመር ግን በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ቋሚ ሕክምና የምትከታተሉ ከሆነም ለከባድ ነገር የምትሄዱት ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል መሆኑን ከግምት አስገቡ።

7. ጎረቤት ቡና ሲጠራችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ተጠርቶ የቀረ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ውሃ የሚመጣበትን ሰዓት፣ የታመነ ባለ ጀልባ፣ ዓሣ በጠዋት የሚያመጣላችሁን ልጅ የምታውቁት ከዚያ ቡና ላይ ነው። "እትዬ" ያላችኋት ሴትዮ ቁልፍ ቢጠፋባችሁ መጠባበቂያውን የምታስቀምጥላችሁ እሷ ናት።

8. የደሴውን ወይም የኮምቦልቻውን ቤት ወዲያው አትልቀቁ። የምትችሉ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴን ሐይቅ ክረሙ፤ ጭቃውን፣ እርጥበቱንና መብራት የሚጠፋበትን ምሽት ቅመሱ። ከዚያ መስከረም ላይ ዕቃችሁን ጫኑ።